ይውጣ የተባለው ዓይኔ

ኳሷ ወደ እኔ ስትመጣ አይቻታለሁ። ሐዋሳ፣ ጉዱማሌ አካባቢ ባለው ሜዳ የመምህራን ቡድኖች ሲጋጠሙ የመሃል ዳኛው እኔ ነበርኩ። አንድ ተከላካይ ኳሷን ከግብ ክልሉ ለማራቅ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲለጋት ፊት ለፊቱ ቆሜያለሁ። ፊሽካው አፌ ውስጥ እንዳለ ቀኝ ዓይኔን መታችኝ። ወደቅሁ፤ ውሃ ረጩብኝ፤ ተነስቼ ጨዋታውን ጨረስኩ። ስሜ ደረጀ ይባላል፤ የስፖርት መምህር ነኝ። በኳስ መመታት ለእኔ ቢጤ ሰው ወሬ አይደለም።

በማግስቱ ባለቤቴ ወይንሸት ወትውታኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ። "ደም ቋጥሯል እንጂ ዓይኑ ደህና ነው" አሉኝ። እብጠቱ ወረደ፤ ጥቁረቱም ለቀቀ። አለቀ ብዬ ረሳሁት።

አላለቀም። ይህን የምጽፈውም የእኔን ዓይነት ነገር የገጠመው ሌላ ሰው ካለ እኔ የቆየሁትን ያህል እንዳይቆይ ነው።

ከሳምንታት በኋላ በቀኝ ዓይኔ ጥግ ብልጭታ ይታየኝ ጀመር። ጨለማ ክፍል ውስጥ ዓይኔን ሳዞር፣ ራቅ ብሎ ብረት የሚበይድ ሰው ያለ ይመስል ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ቀጥሎ ጥቃቅን ጥቁር ነገሮች መጡ። ትንኝ መስለውኝ በእጄ ሳባርር ወይንሸት "ምንም የለም እኮ፣ ምኑን ነው የምታባርረው?" ትለኛለች። መሃል ከተማ ያለ ክሊኒክ በባትሪ አይተው "አቧራና ፀሐይ ታበዛለህ፤ የዓይን ድርቀት ነው" ብለው ጠብታ ሰጡኝ። ጠብታው ሲያልቅ ሌላ ቦታ ሄድኩ፤ እዚያ ደግሞ መነጽር አዘዙልኝ። አልፈርድባቸውም። ድንገት ብልጭታና ጥቁር ነጠብጣብ የመጣበት ዓይን፣ ብሌኑ በመድኃኒት ሰፍቶ ውስጡ መታየት እንዳለበት እኔም የሰማሁት ኋላ ነው።

አንድ ጠዋት ተማሪዎቼን ለሰውነት ማሟሟቂያ አሰልፌ ፊታቸው ቆምኩ። ግራ ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገብቶብኝ በመዳፌ ስሸፍነው ልጆቹ ከወገባቸው በታች የሉም። እስከ ወገባቸው ጥቁር ውሃ ውስጥ የገቡ ይመስላሉ። እጄን አነሳሁ፤ ሁሉም በእግራቸው ቆመዋል። መልሼ ሸፈንኩ፤ ውሃው አለ። ከሰዓት በኋላ የከፍተኛ ክፍል ልጆችን ሳሰልፍ ውሃው ደረታቸው ጋ ደርሷል።

በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ገባሁ። ወጣቱ ሐኪም ጠብታ ጨምሮ አስጠብቆኝ፣ በመሣሪያው ሲያይ ሲያይ ቆይቶ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

"መምህር፣ ከማን ጋር ነው የመጣኸው?" አለኝ።

ሐኪም ይህን ሲጠይቅ ጥሩ ነገር እንደማይከተል ማንም ያውቃል።

"ብቻዬን። ምነው?"

"ሬቲናህ ተላቋል። ሬቲና ማለት ዓይን ከውስጥ በኩል የተለበጠበት፣ ብርሃን የሚቀበል ስስ ሥጋ ነው። ኳሷ ስትመታህ ሳይሰነጠቅ አልቀረም። በስንጥቁ ፈሳሽ እየገባ እንደ ረጠበ ወረቀት ከግድግዳው አላቆታል። እዚህ አይሠራም፤ አዲስ አበባ ነው። ዛሬ ነገ ሳትል ሂድ።"

ታላቅ ወንድሜ ጌታቸው የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ ከመቂና ከዝዋይ ቲማቲም ወደ አዲስ አበባ ይጭናል። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። ጭነቱን ለሌላ ሾፌር ሰጥቶ በባዶ መኪና መጣልን። ወይንሸት የፎቶ ኮፒ ሱቋን ዘግታ በመሃላችን ተቀመጠች። መንገዱ በዘለለ ቁጥር ጋሼ "ይቅርታ፣ ይቅርታ" ይላል፤ ጉድጓዱን እሱ የቆፈረው ይመስል።

ቀዶ ሕክምናው ተሠራ። ሬቲናውን ወደ ቦታው መልሰው፣ ተደግፎ እንዲቆይ ዓይኔን በሲሊኮን ዘይት ሞሉት። ከዚያ ኮልፌ፣ የወይንሸት አክስት ቤት አረፍን፤ ዘይቱ ቦታውን ይዞ እንዲገፋ ፊቴን ወደ መሬት ደፍቼ መቆየት ነበረብኝ። ስበላም፣ ስተኛም፣ ስጸልይም አቀርቅሬ ነው። የሚጠይቀኝን ሰው በጫማው መለየት ቻልኩ።

ቀና እንድል ሲፈቀድልኝ ቀኝ ዓይኔ የሚያሳየኝ ቅባት በነካው ብርጭቆ በኩል እንደሚታይ ዓለም ነበር። ሰው መኖሩን አያለሁ፤ ማን እንደሆነ አላውቅም። ቀዶ ሕክምናውን የሠራልኝ ሐኪም "ሬቲናው ተለጥፏል። ዘይቱ ከወራት በኋላ ይወጣል፤ ያኔ ምን ያህል እንደምታይ እናውቃለን" አለኝ። የተሠራው ዓይን ከቀላ ወይም ካመመህ ቶሎ ና ተባልኩ። ስለ ግራው ዓይን የነገረኝ አልነበረም። ደህና ነዋ።

ሐዋሳ ተመልሼ ሥራ ገባሁ። በአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ርዕሰ መምህሩ ስለ መቅረቴ ግምገማ ሲያነሳ፣ ጥቁር መነጽሬን አውልቄ ቀና ብዬ አየሁት፤ ወደ ሌላ አጀንዳ አለፈ። ግራ ዓይኔ ለሁለት ይሠራ ነበር። አነባለሁ፣ የሩጫ ሰዓት እይዛለሁ፣ በብስክሌት እስከ ቡሹሎ ደርሼ እመለሳለሁ። አንድ ዓይን ለሰው ይበቃል ብዬ ራሴን አሳምኜ ጨረስኩ።

ሁለት ወር አለፍ እንዳለ በሐይቁ ዳር ወደ ሥራ ስሄድ ከውሃው ላይ የሚመጣው ብርሃን ወጋኝ። መቼም የሐይቁ ፀሐይ ያንጸባርቃል፤ ይህ ግን በመርፌ የመወጋት ያህል ነበር። የወጋኝ ደግሞ የታመመውን አይደለም፤ ደህናውን ነው።

ጎረቤታችን "ምች ነው" ብለው ዳማከሴ አሽተው አሸተቱኝ። ጤና ጣቢያ "አለርጂ ነው" አሉኝ። ሌላ ክሊኒክ ኢንፌክሽን ብሎ ጠብታ ሰጠኝ። በየሄድኩበት "ቀኝ ዓይኔ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል" እላለሁ፤ በየሄድኩበት "እሱ ሌላ ነው፤ ይኼ ሌላ ነው" ይሉኛል። ዓይኔ ይቀላል፣ ያለቅሳል፣ ሳልነካው ያመኛል። የስም መጥሪያውን ከፍቼ የተማሪዎቼን ስም ማንበብ አቃተኝ፤ በድምፃቸው ስለማውቃቸው በቃሌ ጠራሁ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ወይንሸትን አየኋት። ፊት ለፊቴ ናት፤ እጇ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅዋ ይሰማኛል። ፊቷ ግን ጭጋግ ነው። አፍና አፍንጫዋን መለየት አልቻልኩም።

"ምን ሆንክ? ለምን እንደዚህ ታየኛለህ?" አለች።

"ወይንዬ፣ አላየሁሽም" አልኳት።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። ተነስታ ልብስ መክተት ጀመረች።

አዲስ አበባ ስንደርስ የሠራልኝ ሐኪም ለትምህርት ውጭ አገር ሄዷል። ጋሼ ሰው ጠያይቆ ስሙ ወደተነሳ የግል ሐኪም ወሰደን። ሐኪሙ ሁለቱንም ዓይኖቼን አይቶ እርግጠኛ በሆነ ድምፅ ተናገረ፦ የተሠራው ዓይን ደህናውን እየበከለው ነው፤ ግራውን ለማዳን ቀኙ መውጣት አለበት። ቀን ቀጠረልን።

መውጣት። ቃሉን ስሰማ ጆሮዬ ጮኸ።

መኪናው ውስጥ ገብተን ጋሼ ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልፉን በእጁ ይዞ ቆየ። ከዚያ "ይውጣ" አለ። "ምን ያደርግልሃል? አያይም! የማያይ ዓይን ይዘህ የሚያየውን ልታጣ ነው?"

"ዘይቱ ሲወጣ እናያለን ብለው የለም እንዴ?" አለች ወይንሸት። "አሁን እንዳያይ ያደረገው ዘይቱ ቢሆንስ?"

"አንቺ ሐኪም ነሽ?"

"አይደለሁም። ሐኪሙም አንድ ሰው ነው። የወጣ ዓይን ደግሞ አይመለስም። ሌላ ሰው ይይልን።"

"እስከዚያ ግራው ቢጠፋስ?"

"ጋሼ፣ አንድ ቀን ብቻ።"

"ቢታወር በእጅሽ ነው!" አላት።

እውነቱን ልናገር፣ እኔ ከወንድሜ ጋር ነበርኩ። ፈርቼ ነበር፤ የፈራ ሰው ደግሞ የሚቆረጥ ነገር ሲያገኝ ይቅለለኝ ይላል። ይውጣና ይለቅ ልል አፌን ስከፍት ወይንሸት እጄን ጨብጣ ስትይዘኝ ተሰማኝ። "አንድ ቀን ይሁን" አልኩ። ጋሼ ሞተሩን አስነሳ።

በማግስቱ ዓይኔ ወደተሠራበት ሆስፒታል ሄድን። የመጠበቂያው አዳራሽ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልቷል፤ ግማሹ ሰው አንድ ዓይኑ ታሽጓል፤ ሌላው መድኃኒት ተጨምሮበት ምንም አይለይም። ከላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ድምፁ ጠፍቷል። እማማ ትርንጎ የሚባሉ የወሊሶ ሴት በደህናው ዓይናቸው ቴሌቪዥኑን ለሁላችን ይተርኩልናል።

"አሁን አንድ ባለሥልጣን ሪባን ሊቆርጥ ነው። መቀሱን ሰጡት። ቆረጠ። አጨበጨቡ።"

"ምን ተመረቀ፣ እማማ?" ይላል አንዱ ከጥግ።

"እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ። ሪባኑን እንጂ ከኋላው ያለውን አላሳዩም።"

አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከሳምንታት በኋላ የመጀመሪያዬ ነበር። ጋሼ ብቻ ከበሩ አጠገብ ቆሞ የመኪና ቁልፉን ያንኳኳል።

ተራዬ ሲደርስ ያገኘሁት ዶክተር ሰናይትን ነው። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። የግራውን አዩ፣ የቀኙን አዩ፣ እንደገና ግራውን አዩ። ስለ ኳሷ፣ ስለ ቀዶ ሕክምናው፣ ብርሃን መቼ መውጋት እንደጀመረ ጠየቁኝ። ከዚያ መብራቱን አበሩና ሦስታችንንም አስቀመጡን።

"ይህ የሚገጥመው ከስንት አንድ ሰው ነው" አሉ። "በዓይን ውስጥ ያለው ሥጋ ከሰውነት ጠባቂዎች ተሸሽጎ የሚኖር ነው። ዓይን ሲጎዳ ወይም በቀዶ ሕክምና ሲከፈት አንዳንዴ ይገለጥባቸዋል። ጠባቂዎቹ ባዕድ ነው ብለው ይዘምቱበታል። ግራ ዓይንህ ምንም አላጠፋም፤ ግን ያው አንድ ዓይነት ሥጋ ስለሆነ እሱንም አይምሩትም። የበከለው ነገር የለም፤ የሚወጋህ የገዛ ሰውነትህ ነው።"

"ታዲያ ቀኙ ይውጣ ተብለናል" አለ ጋሼ።

"ገና ሳይጀምር ቢሆን እኔም አስብበት ነበር። አሁን ግን እሳቱ አጥር ዘሎ ጎረቤት ቤት ገብቷል። የመጀመሪያውን ቤት ማፍረስ ሁለተኛውን አያድነውም። እሳቱን ነው ማጥፋት ያለብን። ደግሞ ከሁለቱ የትኛው ዓይን እንደሚተርፍ ዛሬ ማንም ሊናገር አይችልም።"

"ዶክተር፣ እታወራለሁ?" አልኳቸው።

"አላውቅም" አሉ። "ዘግይተሃል፤ ግን በጣም አልዘገየህም። ዛሬ ትተኛለህ፤ ዛሬ እንጀምራለን።"

ያ "አላውቅም" አስደነገጠኝ፤ ግን አመንኳቸው።

ለቀናት በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ወሰድኩ፤ ከዚያ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ኪኒን ቀጠለ። የሰውነትን ቁጣ የሚያበርድ ኃይለኛ መድኃኒት ነው፤ እንደ ቁጣው ሁሉ እሱም ዋጋ ያስከፍላል። ፊቴ ተነፋ፤ ረሃቤ ልክ አጣ፤ እንቅልፍ ራቀኝ፤ ስኳሬ ከፍ አለ። ሐዋሳ ስመለስ የገዛ ተማሪዎቼ በመንገድ አልፈውኝ ሄዱ። ዶክተር ሰናይት አጥብቀው የነገሩኝ አንድ ነገር ነበር፦ በድንገት አታቁም፤ መጠኑን እኔ ቀስ እያልኩ እቀንስልሃለሁ።

መድኃኒቱ ደግሞ ከከተማው ጠፋ። ወይንሸት ከሐዋሳ ፒያሳ እስከ መናኸሪያ ያለውን ፋርማሲ ሁሉ አዳረሰች፤ "አልቋል"፣ "ሳምንት ይመጣል"። ቤት ያለው ለነገ የማይበቃ ሲሆን ሻሸመኔ ድረስ ሄዳ ፈለገች። ሲመሽ መጣች፤ የያዘችውን ፌስታል ጉልበቴ ላይ አስቀምጣ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ወደቀች። ጋሼን በእነዚያ ሳምንታት በስልክ ብቻ ነበር የማገኘው። እኔን ይጠይቀኛል፤ ስለ እሷ አይጠይቅም። እሷም ስልኩን ትሰጠኛለች እንጂ አታናግረውም። ያ የጋቢናው ቃል ቤታችን ውስጥ ይኖር ነበር።

አንድ ከሰዓት ወይንሸት ከሱቅ ሳላስባት መጣች። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ግድግዳውን በእጄ እየዳበስኩ ከመኝታ ቤት ወደ ማዕድ ቤት እየሄድኩ ነበር።

"ምን እያደረግክ ነው?"

"ልምምድ" አልኳት። "ተለማምጄ ብጠብቀው ይሻላል።"

እጄን ከግድግዳው ላይ ነጠቀችው። "ግለጥ!" ብላ ጮኸች። እሷ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። "ገና አልታወርክም! የምታየውን ያህል እይ፣ የቀረውን እኔ አይልሃለሁ። እንደዚህ ስትሄድ ግን እንዳላይህ።" ከዚያ ማዕድ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ ስታለቅስ ሰማኋት። ከበሩ ውጭ ቆሜ ዓይኔን ገልጬ ጠበቅኋት። ያን ልምምድ አልደገምኩትም።

ለውጡ የመጣው ሳይታወቅ ነው። መጀመሪያ ሕመሙ ቆመ። ከዚያ ብርሃን መውጋቱን ተወ። የግራው ጭጋግ ከዳር እየሳሳ መጣ፤ የታቦርን ተራራ ጫፍ፣ የሚመጣን ባጃጅ፣ የጎረቤትን አጥር ለየሁ። መሃሉ ግን አልጠራም። የሰው ፀጉርና ትከሻ አያለሁ፤ ፊቱ ላይ ጠባሳ የመሰለ ነገር ይቀመጣል። ፊደል ሳይ የማየው ፊደል ይጠፋል፤ ከጎኑ ያለው ይቀራል። ዶክተር ሰናይት እሳቱ እንደጠፋ፣ ያቃጠለው ግን እንደማይመለስ ነገሩኝ። ማስተማር የምችል አልመሰለኝም።

ዓመት ሊሞላው ሲል የዘይቱ ነገር ተነሳ። ዘይቱ ብዙ መቆየት የለበትም፤ በላዩም የዓይን ሞራ ጋርዶታል። ግን ያንን ዓይን እንደገና መክፈት የተኛውን በሽታ ሊቀሰቅሰው ይችላል።

"ቢቀሰቀስስ?" አልኩ።

"እንደገና እንዋጋለን። መድኃኒቱን ቀድመን ጨምረን እንገባለን" አሉ ዶክተር ሰናይት። "ብንተወውም ዘይቱ ራሱ ዓይኑን ያበላሸዋል። አስብበት።"

በዚህኛው ጊዜ ጋሼ ምክር አልሰጠም። መኪናውን ይዞ መጣና አዲስ አበባ ወሰደን፤ ዘይቱም የዓይን ሞራውም በቀዶ ሕክምና ወጡ።

ፋሻው የተነሳ ቀን ምንም ልዩ ነገር አልነበረም፤ ሁሉም ነገር ብዥ ብሎ ታየኝ፤ አንገቴን ደፋሁ። "ታገስ፣ ገና ነው" አሉኝ። ከሳምንታት በኋላ ለክትትል ስንመለስ ሁለቱም ዓይኖቼ ጸጥ ብለው ነበር፤ በሽታው አልነቃም። ዶክተር ሰናይት መነጽር መሞከሪያውን አፍንጫዬ ላይ አድርገው አንዱን መስታወት አውጥተው ሌላ አስገቡ። ግራ ዓይኔን በካርቶን ሸፈኑትና ግድግዳው ላይ ወዳለው የፊደል ሰሌዳ አመለከቱኝ።

ትልቁን አነበብኩ። ከሥሩ ያለውን አነበብኩ። ከዚያ ሥር ያለውንም። ወይንሸት ከኋላዬ ቆማለች። ሁለት መስመር ሲቀረኝ ቆምኩ።

ጋሼ ከበሩ አጠገብ ሆኖ ሲያይ ነበር። "በየትኛው ዓይኑ ነው ያነበበው?" ብሎ ጠየቀ።

"በቀኙ" አሉት ዶክተር ሰናይት፣ እየጻፉ።

ጋሼ በሩን ከፍቶ ወጣ።

ዛሬ ክፍል ገብቼ አስተምራለሁ። የማነበው በቀኙ ነው፤ ግራው ከጎን የሚመጣውን ያሳየኛል። ትንሽ ኪኒን እስከ አሁን እወስዳለሁ፤ ክትትሌን አላቋረጥኩም፤ ዳኝነቱን ግን ትቼዋለሁ። በአንዱ ዓይናችሁ ላይ ጉዳት ደርሶ ወይም ቀዶ ሕክምና ተደርጎላችሁ ከሆነ፣ ወር ይሁን ዓመት አልፎት ሌላው ዓይናችሁ ቢቀላና ብርሃን ቢወጋው፣ "እሱ ሌላ ነው፤ ይኼ ሌላ ነው" ለሚላችሁ ሰው እሺ ብላችሁ ወደ ቤት አትመለሱ። የዓይን ስፔሻሊስት ጋ ሂዱና ሁለቱንም አሳዩ። የማይመለስ ነገር ከማስደረጋችሁ በፊትም ሌላ ሐኪም ጠይቁ፤ ግን ሳትዘገዩ።

የፊደል ሰሌዳውን ያነበብኩ ዕለት ከሆስፒታሉ ስንወጣ ጋሼ ከመኪናው ጎን ቆሞ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል። እኔን አላየኝም፤ ወደ ወይንሸት ቀረበ።

"ወይንሸት" አለ፤ "እኔ ያን ጊዜ መኪና ውስጥ…"

አላስጨረሰችውም። የጋቢናውን በር ከፍታ ወደ መሃል ተጠጋችና ቦታ ለቀቀችልኝ።

"ግባ ጋሼ፣ ንዳ" አለችው። "ከጠዋት ጀምሮ አልበላንም።"